የአባትሽ ካሴቶች የማን ናቸው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ደሴ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ አሁን በሕይወት የለም። መጋዘናችን ውስጥ በካርቶን የተሞሉ ካሴቶች፣ ጥቂት ሪል ቴፖች፣ የዘፈን ክሊፕና የባንድ ዝግጅት የተቀረጸባቸው የቪኤችኤስ ካሴቶችም አሉ። አንዳንዶቹ ሽፋን ላይ «አሳታሚና አከፋፋይ» ተብሎ የሱቃችን ስም ተጽፏል። ከወንድሜ ጋር የድሮ ሙዚቃና ቪዲዮ እንደገና የሚያሳትም ትንሽ ድርጅት ለማቋቋም አስበናል። እሱ «ሁሉንም ባንዴ ዩቲዩብ ላይ እንልቀቀው፣ ገንዘቡ ተከትሎ ይመጣል» ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ከምን ተነስቶ ነው የሚያድገው? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ዕቃውን ሳይጥሉ ማቆየታቸው ብቻውን ትልቅ ውለታ ነው። ፍርሃትሽም ተገቢ ነው፤ ወንድምሽ አንዲት ዘፈን ሳይለቅ በፊት ይህን መልስ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ካርቶኖቹን ለዩ። አባትሽ ከኪሳቸው አውጥተው ያስቀረጹት በአንድ ወገን፣ ከሌላ አሳታሚ ተረክበው የቸረቸሩት በሌላ ወገን ይሁን። እኔ ወጣት ሳለሁ መርካቶ አንድ ሙዚቃ ቤት ጓሮ ካሴት ሳባዛ ነው ያደግሁት። በዚያን ጊዜ የክፍለ ሀገር ሱቅ የራሱን ማኅተም ሽፋኑ ላይ ማሳረፉ የተለመደ ነበር፤ ያ ግን አሳታሚ አያደርገውም። ስለዚህ ሽፋኑን ሳይሆን ውሉን ፈልጊ። የአባትሽን የዱቤ መዝገብ፣ ደረሰኝ፣ ድምፃዊው የፈረመበትን ወረቀት ካገኘሽ ከካሴቶቹ እኩል አድርገሽ አስቀምጪው።

ውሉ ቢገኝም እንኳ ብቻውን አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ድምፃዊውና አሳታሚው ደግሞ ለየራሳቸው የ50 ዓመት ጥበቃ አላቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠራ ካሴት ገና በዚህ ዕድሜ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ውሎች የሚሉት «በካሴት አሳትሞ ለማከፋፈል» ነው። ስለ ሸክላም ሆነ ስለ ዩቲዩብ አንድም ቃል የለባቸውም። እኔ የምመክርሽ አዲስ ውል መፈራረም ነው፤ ከድምፃዊው፣ ከግጥምና ዜማ ደራሲው፣ ካረፉም ከልጆቻቸው ጋር። ልጆቹ ብዙ ከሆኑ በውክልና የሚፈርም አንድ ሰው ይምረጡ፤ አለበለዚያ ከፈረመልሽ ወንድም ጀርባ ያልፈረመች እህት ትመጣለች።

ይህ ሁሉ ሥራውን የሚያጓትት እንቅፋት ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ እስካየሁት ግን እንዲህ ያለ ድርጅት የሚያድገው በዚሁ ነው።

አምሃ እሸቴን አስቢ። የሸክላ ማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ ልኮ አስጫነ፤ እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 አልበም አወጣ። አብዮቱ ከመጣ በኋላ እሱም ተሰደደ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በ1980ዎቹ ሰምቶ ሲደነቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 አልበሙን ብራስልስ ባለ ድርጅት በኩል አሳተመው። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው የድሮ ሙዚቃችን ተከታታይ አልበም «ኢትዮፒክስ» በፈረንሳዩ አሳታሚ በቡዳ ሙዚክ የተጀመረው ግን ከዚያ አሥር ዓመት አልፎ ነው፤ ይህም የሆነው ከራሱ ከአምሃ ጋር ተስማምቶ ነው። በአንድ ፊርማ የአንድ ዘመን ሙዚቃ ተከፈተ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ነበር፤ በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም ዜማዎቹን ሲጠቀም ስለ ሙዚቃችን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች መጠየቅ ጀመሩ። በ2006 የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ 21ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። በ2017 ቅጹ 30 ደረሰ። ልብ በይ፣ ሃያ ዓመት ነው የፈጀው፤ ባንዴ የተለቀቀ ነገር የለም።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፣ የእናንተን መጋዘን ስለሚመስል። ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ከአፍሪካ ገበያ የሰበሰባቸውን ካሴቶች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ያካፍል ነበር። በ2011 ነገሩን ወደ ድርጅት ለወጠው፤ የመጀመሪያ ሥራው የአንዲት የማሊ ድምፃዊት አልበም ነበር። ባሕር ዳር ደግሞ አንድ ካሴት አገኘ፦ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በሲንተሳይዘር ብቻውን የሠራውን። ሰውየውን አፈላልጎ ደወለለት። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ ያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ ይለማመዳል። ተስማሙ፤ አልበሙ በ2013 እንደገና ታተመ። የዋልያስ «ቼ በለው» በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። በ2018 ኃይሉ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ሠርቶ በዚያው ድርጅት አወጣ። ትርፉን ከባለሙያው ጋር እኩል ለእኩል ይካፈላሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ እዪው። ያ ድርጅት ኃይሉን ሳይጠይቅ ካሴቱን አባዝቶ ቢሸጥ ኖሮ አንድ አልበም ብቻ ያገኝ ነበር። ስለጠየቀና ስለከፈለ ግን ሌሎቹን አልበሞችም አገኘ፣ አዲስ ሥራም ተጨመረለት፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ሙዚቀኛ ከሙዚቀኛ ጋር ያወራል። «ሰዎቹ ሐቀኞች ናቸው» የሚል አንድ ወሬ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። በተቃራኒው የማውቀው አንድ የኪቦርድ ተጫዋች፣ ወጣት ሳለ የተጫወተበት ካሴት ውጭ ሀገር በሸክላ ታትሞ እንደሚሸጥ የሰማው ከልጁ ነው። ዛሬ ስለ ድሮ ሙዚቃ ጠይቁኝ የሚል ማንም ሰው በሩን ቢያንኳኳ አይከፍትም። እቤቱ ያሉት ያልታተሙ ክሮች ከእሱ ጋር እንዳይቀሩ እሰጋለሁ።

ስለዚህ ከመቶው አንድ ምረጡ። ባለቤቶቹ በቀላሉ የሚገኙ፣ ድምፁ ያልተበላሸ፣ እናንተ ራሳችሁ የምትወዱት ይሁን። ሸክላ ለማስጫን ካሰባችሁ ፋብሪካዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ በታች ትእዛዝ አይቀበሉም፤ ያ ገንዘብ ለጀማሪ ከባድ ስለሆነ በዲጂታል ጀምሩ። ከመጀመሪያው ገቢ ላይ ባለሙያውን ክፈሉ፤ ትንሽም ብትሆን ከነሒሳቧ ጽፋችሁ ስጡት።

አሁን ወደ ክሩ ልግባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበላሻል። ካሴቱን ቀጥታ ቴፕ ውስጥ አትክተቺ። መጀመሪያ ክሩ ከኋላ የሚደገፍባት ትንሽ ስፖንጅ መኖሯን እዪ፤ ሙጫዋ ደርቆ ከወደቀች ክሩን ወደ ሌላ ጤነኛ ቅርፊት አዛውሪው። የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮልና በጥጥ ጥረጊ። ከዚያ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ታውቂያታለሽ? የድሮ ማባዣዎች ሁሉ ሄዳቸው አንድ ዓይነት አይቀመጥም ነበርና ለእያንዳንዱ ካሴት እሷን ማስተካከል ያስፈልጋል። ከበሮው ላይ ያለውን የብረት ሳህን (ሲምባል) እያዳመጥሽ በቀጭን ዊንዲቨር ቀስ እያልሽ አዙሪያት። ታፍኖ የነበረው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ይከፈታል፣ ሳህኑ ይጠራል፣ የድምፃዊው «ሰ» ይለያል። እዚያ ላይ አቁሚ። ቅጂውን በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ በዌቭ ፋይል ያዢው፤ ኤምፒስሪ ለማስደመጥ እንጂ ለማኖር አይሆንም። የአንዱ ዘፈን ብዙ ካሴት ካላችሁ ሁሉንም ሞክሩ፤ ከማስተሩ (ከዋናው ቅጂ) መጀመሪያ የተባዙት የተሻሉ ናቸው።

ሪል ቴፖቹን ግን አትንኩ። አንዳንዶቹ ማጣበቂያቸው እርጥበት ስቦ ሲዞሩ ሄዱ ላይ ይጣበቃሉ፣ ድምፁም አብሮ ተልጦ ይቀራል። በተመጠነ ሙቀት የሚያደርቅ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ፤ የወጥ ቤት ምድጃ ለዚህ አይሆንም።

ቪኤችኤሶቹን በመስኮታቸው በኩል በባትሪ አብሩባቸው። ነጭ ብናኝ ካየሽ ሻጋታ ነው፤ ካጫወትሽው ማጫወቻው ታሞ ሌሎቹንም ይበክላል። ጤነኞቹን አቁመሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪና ከካሴቶቹ በፊት እነሱን ገልብጪ፤ ደህና ማጫወቻ ከገበያ እየጠፋ ነው። በመብት በኩል ቪዲዮ ከድምፅ ይብሳል፦ የቀረጸው ማን ነው? ከቴሌቪዥን የተቀዳ ከሆነ የጣቢያው ነው፣ አትንኩት። አባትሽ ካሜራማን ቀጥረው ያስቀረጹት ከሆነ ግን ብርቅ ነው፤ ሙዚቀኞቹን አስፈቅዳችሁ ከአልበሙ ጋር አብራችሁ አውጡት።

ጥያቄ፦ አጎቴ የተዉልኝ የአምሃ ሪከርድስና የካይፋ ሪከርድስ ሸክላዎች አሉኝ። አንድ ሰብሳቢ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶኛል። ልሽጣቸው ወይስ ራሴ ላሳትማቸው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ሸክላው የእርስዎ ነው፣ መሸጥ ይችላሉ። ዘፈኑ ግን የእርስዎ ስላልሆነ ማሳተም አይችሉም። ከመሸጥዎ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቸግርዎ፦ ደህና መርፌ ያለው ሰው ዘንድ ወስደው ያስገልብጡ። ማስተሩ የጠፋ ሥራ እንደገና የሚታተመው ካልተቧጨረ ሸክላ ላይ ተወስዶ ነው፤ ንጹሕ ቅጂ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። የሁለቱንም ፊት ጽሑፍ ፎቶ ያንሱ፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ጥቁር ቦታ ላይ የተቧጠጠውን ቁጥርም ጻፉ፤ የትኛው ኅትመት እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ቅጂውን ለዘፋኙ ወይም ለቤተሰቡ ይላኩላቸው። ብዙዎቹ የራሳቸው ሥራ በእጃቸው የለም።