ጌጅህ አይንጠልጠል፦ የጠላቂ ጎማ አስተሳሰር ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ በአየር ሲሊንደር የምንጠልቅ ሰዎች ብዙ አይደለንም። ያለነውም አብዛኞቻችን ትምህርቱን የወሰድነው ቀይ ባሕር ላይ ነው። እዚያ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የጎደለህን ዞር ብለህ ታየዋለህ። ጣና ላይ ግን እጅህንም ላታይ ትችላለህ። ስለ አየር ጎማና ስለ ጌጅ፣ ማለትም ስለ ግፊት ማንበቢያው፣ አስተሳሰር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ «ያላችሁን ሁሉ አምጡ» አልኩ። የመጣው ይኸው።

ጋሼ፣ ከሬጉሌተሩ የሚወጡት ጎማዎች የቱ በየት ይሂድ?

ሬጉሌተሩ ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጥመው፣ አየሩን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ነው። ጎማዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። ዋናው መተንፈሻና ተጠባባቂው፣ ማለትም ኦክቶፐሱ፣ በቀኝ ትከሻ በኩል ይመጣሉ። የመንሳፈፊያ ጃኬቱ መንፊያና የሲሊንደሩ ግፊት ጌጅ በግራ። ጎማው ከሬጉሌተሩ እንደወጣ ወደታች ይውረድ። እንደ በሬ ቀንድ ወደ ጎን ከተገተረ የመጀመሪያው የዓሣ መረብ ይይዘዋል።

ጌጄን ዝም ብዬ ብተወውስ? ጅቡቲ ስጠልቅ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ምንም አልሆንኩም።

ጅቡቲ ላይ አልሆንክም፤ እዚህ ግን ሁለት ነገር ይጠብቅሃል። አንደኛው ጭቃ ነው። በክረምት ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ አፈሩን ጠራርገው ጣና ውስጥ ይደፉታል። የሐይቁ ወለል ለስላሳ ደለል ነው። የሚጎተት ጌጅ ደለሉን ያነሳዋል፣ ከዚያ በኋላ የጌጁን መርፌ ራሱ ማንበብ አትችልም።

ሁለተኛውና ዋናው መረብ ነው። በተለይ ቀጭኑ የፕላስቲክ ክር መረብ ውሃ ውስጥ አይታይም። የሚይዝህ ደረትህን አይደለም። ከጎንህ የተንጠለጠለውን ነገር ይይዝና አንተ «ምንድን ነው?» ብለህ ስትዞር ይጠመጠምብሃል።

ስለዚህ ጌጁን በግራ ወገብህ በኩል ካለው ቀለበት ጋር እሰረው። ጎማው ከብብትህ ሥር ሰውነትህን ተጠግቶ ይተኛ። 60 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ ጎማ ለብዙ ሰው ይበቃል። ረጅም ከሆነብህ አጭር ግዛ እንጂ ጠምዝዘህ አትሰር፤ የተጠማዘዘ ጎማ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ ቤትህ ቁጭ ብለህ ዓይንህን ጨፍነህ ፈልገው። እጅህ ካላገኘው ቦታው አልተስተካከለም።

በምን ነው የማስረው? የብረት ቀለበት አለኝ። ሪትራክተርም ገዝቻለሁ።

ሪትራክተሩን፣ ያን ክሩ ተስቦ ራሱ የሚጠቀለለውን መያዣ፣ ተወው። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ጭቃ ሲገባበት ይነክሳል፣ ክሩም መረብ ለመያዝ የተሠራ ነው የሚመስለው። ክሊፕ ይሻላል፤ ያ በአውራ ጣት ወደኋላ የሚሳበው ዓይነት፣ አይዝጌ ብረት ከሆነ።

ክሊፑን ከጌጁ ጋር የምታገናኘው ግን በሲባጎ ይሁን። ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ አይታሰርም። ክሊፑ ቢነክስ ወይም መረብ ቢጠመጠምበት ሲባጎን በቢላ ትቆርጣለህ፤ ብረትን በምን ትቆርጣለህ?

የናይሎን ሲባጎ ውሰድ፣ የጥጡ ይበሰብሳል። ጎማው ከጌጁ ጋር የሚገጥምበት አንገት ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥም፣ በክሊፑ ዓይንም እንዲሁ አሳልፍ። ከዚያ በሁለቱ መሃል ያለውን ሲባጎ በራሱ ጠምጥመህ አጥብቅ፣ ቋጥር። ጫፉን በክብሪት አቅልጠህ በሳንቲም ጫን አድርገው። በጣትህ ስትወዘውዘው ክሊፑ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ፈተህ ድገመው።

ጋሼ፣ የኔ ኦክቶፐስ ሁልጊዜ ከመያዣው ያመልጣል። ባስረው ይሻላል?

አትሰሪው እህቴ። ኦክቶፐስ የሚፈለገው ጓደኛሽ አየር ሲያጣ ነው፤ ያን ጊዜ ቋጠሮ የሚፈታ የለም። በአንድ ስበት የሚላቀቅ መያዣ ነው የሚያስፈልግሽ። ቦታው ከአገጭሽ እስከ ጎድንሽ ባለው ደረትሽ ላይ ይሁን፣ አፉ ወደታች ይዙር።

መያዣውን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ባሕር ዳር የብስክሌት አገር ናት። ማንኛውም ጠጋኝ ጋ የተቀደደ ካላማዳሪያ አይጠፋም። በጣት ውፍረት ቀለበት ቀለበት አድርገሽ ቁረጪው። አንዱን በጃኬትሽ ማሰሪያ ላይ አስገቢና ጎማውን አጥፈሽ ከሥሩ ሸጉጪው። ላስቲኩ ሲላላ ትጥይዋለሽ፣ ሌላ ትቆርጫለሽ።

እኔ ራሴ ለጣና የምመርጠው ሌላ አደራረግ ነው። ዋናው መተንፈሻ 2 ሜትር አካባቢ የሆነ ረጅም ጎማ ይኖረዋል። ተጠባባቂው በላስቲክ ገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ጓደኛሽ አየር ሲያጣ ከአፍሽ ያለውን ትሰጪዋለሽ፣ አንቺ ከአገጭሽ ሥር ያለውን ትነክሺያለሽ። የሰጠሽው እየሠራ እንደነበር በእርግጠኝነት ታውቂያለሽ። ግን ተለማምደሽ ነው እንጂ ዛሬ ገዝተሽ ነገ አይጠለቅበትም።

ልጄ፣ እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። መረቤ ቢይዛችሁ ትቆርጡታላችሁ ማለት ነው?

አባቴ፣ መጀመሪያ አንቆርጥም። ቆመን፣ ሳንዞር፣ በመጣንበት ወደኋላ እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ካልለቀቀ ጓደኛ በእጁ ያላቅቃል። ነፍስ ከሆነ ግን ይቆረጣል፣ ከወጣን በኋላም የመረቡን ባለቤት ፈልገን እንክሳለን። ከሁሉ የሚሻለው እርስዎና የታንኳ ጓደኞችዎ መረቡ የት እንዳለ አስቀድመው ቢነግሩን ነው። ስለዚህ እናንተ ጠላቂዎችም ሳትጠይቁ አትግቡ፣ ነውርም ነው።

ጉማሬስ?

ጎማህን ብታስተካክል ጉማሬ አያዝንልህም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አትጥለቅ።

የጥልቀት ጌጄ መርፌ ደረቅ መሬት ላይ ከዜሮ በታች ሆኗል። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። መርፌ ያለው የጥልቀት ጌጅ የተስተካከለው ለባሕር ጠረፍ ስለሆነ እዚህ ወደ 2 ሜትር ያጎድላል። 8 ካለህ 10 አካባቢ ነህ። ጣና ሲበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው ብለህ አትናቅ፤ ለሰውነትህ ከፍታ ላይ የጠለቅከው 12 ሜትር ባሕር ላይ ወደ 15 ሜትር ይቆጠራል። የመጥለቂያ ኮምፒውተር ካለህ ከፍታውን ማወቁን አረጋግጥ። የሲሊንደሩን ግፊት የሚያነበው ጌጅ ግን 200 ባር ላይ ይህን ልዩነት አያሳይህም። ወጥተህ የዚያኑ ቀን አውሮፕላን አትሳፈር፤ ደጋግመህ ከጠለቅክ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆይ።

ጌጁ ከጎማው የሚገጥምበት ቦታ ትንንሽ አረፋ ያወጣል። ላጥብቀው?

በማጥበቅ አይድንም። ውስጡ ሁለት ትንንሽ ኦሪንግ፣ ማለትም አየር የሚያግዱ የላስቲክ ቀለበቶች፣ ያላት ፒን አለች። ሲሊንደሩን ዝጋ፣ በመተንፈሻው አየሩን አስወጣ፣ ፍታና ፒኗን ቀይር። ኦሪንጉን በመርፌ አታውጣው፣ ብረት ይጭረዋል።

የትኛው ጎማ ቢፈነዳ ነው የሚያስፈራው? ወደ ግፊት ጌጁ የሚሄደው የከፍተኛ ግፊቱ አይደል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን የከፍተኛ ግፊቱ መውጫ ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው፤ ድምፁ ያስደነግጣል እንጂ አየሩ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። የመተንፈሻው ወይም የመንፊያው ጎማ ቢፈነዳ ነው ሲሊንደሩ በደቂቃዎች የሚራቆተው። ስለዚህ ጎማው ጫፍ ላይ ያለውን የላስቲክ ሽፋን ወደኋላ ገፍተህ ከሥሩ እይ። ስንጥቅ የሚጀምረው ብረቱ ጎማውን የነከሰበት ቦታ ነው፣ ሽፋኑም ይደብቀዋል።

ጣና ጨው የለውም። ማጠብ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፣ ደለሉ ክሊፕና ቁልፍ ውስጥ ይደርቃል። የሬጉሌተሩን ክዳን ዘግታችሁ በንፁህ ውሃ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ። ሬጉሌተሩን በጎማው ሚስማር ላይ አትስቀሉት። ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ አስተኙት።