«ቁርሴን ተደብቄ ነው የምበላው»

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በጎንደር ከተማ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት የስኳር ሕመም ስለ ተገኘብኝ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እንድወስድ ታዘዘልኝ። ሐኪሜ ያለ ቁርስ እንዳልውል አስጠንቅቆኛል፤ የንስሐ አባቴም ከጥሉላት እየተከለከልኩ በጠዋት እንድመገብ ፈቅደውልኛል። ነገር ግን ባለቤቴ፣ አማቴና ትልቋ ልጄ ሲጾሙ እኔ የወጥ ቤቱን በር ዘግቼ ስበላ ጾሙ የእኔ መሆኑ የቀረ ይመስለኛል። በቤቱ ጠዋት የምንበላው የአምስት ዓመቷ ልጄና እኔ ብቻ ነን፤ እርሷንም አስቀድሜ አብልቼ ካስወጣኋት በኋላ ነው የምቀምሰው። ከእንግዲህ ዐቢይ ጾም ለእኔ ምን ትርጉም ይኖረዋል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፤ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ አንድ ነገር ልበል። ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ማዘግየት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከሚገባው በታች ያወርደዋል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና የሐሳብ መደናገር ይከተላል፣ ሲከፋም ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ስለዚህ «ለዛሬ ብቻ ልሞክረው» ብለው ቁርሱን እንዳያዘገዩ፣ መርፌውንም እንዳይተዉ አደራ እላለሁ። በጾም ወራት ገበታችን ላይ ዳቦ፣ ድንችና ፓስታ ስለሚበዛ፣ የምግብዎን መጠን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።

የንስሐ አባትዎ የሰጡዎትን ፈቃድ እንደ ውለታ ቆጥረው አንገትዎን አይድፉ። ጾምን የደነገገው ሥርዓት ራሱ በሥጋ ሕመም የተያዘውን ሰው ለይቶ ያየዋልና፣ እርስዎ ጠዋት ሲመገቡ ሥርዓቱን እየጠበቁ ነው። ደግሞስ 55ቱን ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል ሳይቀምሱ የሚዘልቁ ሰው እንዴት «አልጾምኩም» ይላሉ?

ጎንደር ስለሚኖሩ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። የማሕሌቱ ሥርዓት አቋቋም ከሚነገርባት ከበአታ ቤተ ክርስቲያን ጀምሮ በከተማችን አድባራት ዓመቱን ሙሉ ከበሮና ጸናጽል ይሰማል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ሊቃውንቱም የጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ ጾመ ድጓውን፣ በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ። ከበሮው ዝም ስላለ ዜማው ቀረ የሚል ጎንደሬ አላጋጠመኝም። እንዲያውም መቋሚያው ወለሉን ሲነካ የሚሰማው ያ ቀስ ያለ ድምፅ ለእኔ ጆሮ ከከበሮው ይልቅ ይጠልቃል። ከእርስዎም የቀረው ሰዓቱ ነው፤ ዜማው ከእጅዎ አልወጣም። በዚያው ጾመ ድጓ ቅዱስ ያሬድ ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል፤ ከሦስቱ አንዱንም የእርስዎ መርፌ አይከለክለውም።

ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ስምንቱም ሳምንታት የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም። እርስዎ ግን በአራተኛው፣ በመፃጉዕ፣ እንዲቆዩበት እለምንዎታለሁ። መፃጉዕ ማለት በሽተኛ ማለት ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደምናነበው ይህ በሽተኛ 38 ዓመት ታሞ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ ኖረ። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎን» ለማለት እንኳ አልቸኮለም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ «ሰው የለኝም» ነበር መልሱ። ያን ሁሉ ዘመን ከሕመሙ ይልቅ ያቆሰለው ብቻውን መሆኑ ነበረ ብዬ አምናለሁ። ቤተ ክርስቲያንም በጾሙ መካከል በፊታችን ያቆመችው ይህን በሽተኛ ነው። ወጥ ቤት በር ዘግተው ለሚበሉት ለእርስዎ ከዚህ የቀረበ ወንጌል አላውቅም።

አያቴ በስተርጅናዋ እንደ እርስዎ ጠዋት እንድትመገብ ተፈቅዶላት ነበር። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛውን ሱፍ ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣና አጥልላ ከጨረሰች በኋላ፣ ለራሷ ከመፈትፈቷ በፊት የመጀመሪያውን በሸክላ ጣባ ታደርግና በሰፌድ ከድና፣ ዓይናቸው ለማያይ አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን በእኔ እጅ ትልከው ነበር። ጣባውን አስረክቤ እንድመለስ አትፈቅድም፤ እትዬ በልተው እስኪጨርሱ አጠገባቸው ተቀምጬ የጠየቁኝን ሁሉ እንድመልስ ታዘኝ ነበር። ስመለስ የእርሷ እንጀራ ሳይቆረስ፣ እጇን ታጥባ ስትጠብቀኝ አገኛታለሁ። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር በዓይኔ የሚሄደው የዚያ ጣባ ጠርዝ ነው፤ አንድ ወገኑ ተሸርፎ ስለ ነበር በዚያ በኩል እንዳልይዘው ትነግረኝ ነበር።

እርስዎም ለስኳር ክትትል ሲመላለሱ፣ ከገጠር ብቻቸውን መጥተው ካርዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወረፋ የሚጠብቁ ሕሙማንን ሳያዩ አይቀሩም። ባለቤትዎና አማትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾሙም በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ እርስዎ ግን ይቀመጣሉ። በመፃጉዕ ሳምንት ቀጠሮ ካለዎት ከእነዚህ አንዱን ያነጋግሩ፤ የታዘዘለትን ማንበብ የማይችል ከሆነ ያንብቡለት፣ መድኃኒት ቤቱ የጠፋበት ከሆነ ይዘውት ይሂዱ። ከጾምዎ ውስጥ የእርስዎ ብቻ የሆነውን ክፍል እዚያ ያገኙታል ብዬ አስባለሁ።

ስለ ቁርሱ ደግሞ፣ የወጥ ቤቱን በር ይክፈቱት። ትንሿን ልጅዎን አስቀድመው አብልተው አያስወጧት፤ እርሷም ለጾም ዕድሜዋ ገና ስለሆነ የሁለታችሁን በአንድ ትሪ ያቅርቡ፣ አቡነ ዘበሰማያትን አብራችሁ ድገሙና ብሉ። አማትዎ በዚያ ሲያልፉ ቢያዩዎትም ሳይነሡ፣ ተረጋግተው ይጨርሱ።