የአሜሪካ ውትድርና ለፌደራል ጡረታ እንዲቆጠርላችሁ፦ ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በዲቪ መጥታችሁ ወይ በማቭኒ ገብታችሁ (አማርኛ የሚችል ሰው ግሪን ካርድ ሳይኖረው ይገባበት የነበረው፣ 2016 ላይ የቆመው ፕሮግራም) አርሚ አገልግላችሁ አሁን ፖስት ኦፊስ፣ ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታል ወይ ሌላ የፌደራል መስሪያ ቤት የምትሰሩ ብዙ ናችሁ፣ እና አብዛኛው ሰው የውትድርናው ዓመት ጡረታው ላይ በራሱ የሚደመር ይመስለዋል። አይደመርም። እኔ 4 ዓመት አገልግዬ ነው ፌደራል የገባሁት፣ የራሴን ክፍያ ጨርሻለሁ፣ ከዛ ወዲህ ብዙ ሰው ወረቀቱን ሲሞላ አግዣለሁ። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እንዴት አይደመርም? ስራ የጀመርኩት 2016 ነው፣ ኤስኤፍ-50 (የቅጥር ወረቀቴ) ላይ ግን ቀኑ ወደኋላ ሄዶ 2012 ይላል እኮ።

መልስ፦ ሰውን ሁሉ የሚያሳስተው ይሄ ነው። ሳጥን 31 ላይ ያለው ቀን የዓመት እረፍት ማስያ ነው። ለእረፍት ውትድርናው በነጻ ይቆጠራል፣ ለዛ ነው 4 ዓመት ያገለገለ ሰው ገና ሲገባ በየደሞዙ 4 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት እረፍት የሚያገኘው። ለጡረታ ግን ዲፖዚት (ዓመቱን ለማስቆጠር የሚከፈል ገንዘብ) ካልከፈልክበት በፌርስ (የፌደራል ሰራተኞች የጡረታ ሥርዓት) ዜሮ ነው። እኔም ያቺን ቀን አይቼ ተኝቼ ነበር፣ የነበርኩበት መስሪያ ቤት ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ስጠይቅ ተቆጥሮልሃል አሉኝ አመንኩ፣ 5ኛ ዓመቴ ላይ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ አንድ ሽማግሌ "ልጄ ከፍለሃል ወይ?" ባይሉኝ ኖሮ እስከዛሬም አላውቅም ነበር። ወለዱ ግን ቆጥሮ ጠበቀኝ።

ጥያቄ፦ ስንት ነው የሚከፈለው? ያዋጣል ወይስ ብሩን ቲኤስፒ (የፌደራል ሰራተኞች የጡረታ ቁጠባ) ላይ ብጨምረው ይሻላል?

መልስ፦ በፌርስ በአገልግሎት ጊዜ ያገኘኸው ቤዚክ ፔይ (መሠረታዊ ደሞዝ) 3% ነው (ለ1999 እና 2000 ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል)። የቤት ኪራይና የምግብ አበል ምናምን አይገባበትም። በ4 ዓመት ውስጥ ቤዚክ ፔይህ ተደምሮ 90,000 ዶላር ቢሆን የምትከፍለው 2,700 ነው። አሁን ሌላውን ጎን እይ፣ የጡረታው ስሌት ከፍተኛ የሆኑት ተከታታይ 3 ዓመታት አማካይ ደሞዝ ሲባዛ በ1% ሲባዛ በአገልግሎት ዓመት ነው፣ አማካይህ 70,000 ከሆነ እነዛ 4 ዓመታት ብቻቸውን በዓመት 2,800 ይጨምሩልሃል፣ በወር 233 ዶላር ገደማ፣ እስከ ዕድሜ ልክህ። በ62 ዓመትህና ከዛ በላይ ከ20 ዓመት አገልግሎት ጋር ከወጣህ 1.1% ይሆናል፣ እዛ 20 ውስጥ የገዛኸው ውትድርና ይገባል። ማለት ጡረታ በወጣህ በመጀመሪያው ዓመት የከፈልከውን መለስክ። ቲኤስፒ ጥሩ ነው ግን 2,700 ዶላር አስገብተህ ይሄን የሚሰጥህ ነገር የለም፣ እኔ በበኩሌ ሁለቴ አላስብም።

ወለዱን አትርሳ። ከተቀጠርክ 2 ዓመት ድረስ ወለድ የለም፣ ከዛ በኋላ በዓመት አንዴ ስለሚደመር 3ኛ ዓመትህ ከመሙላቱ በፊት ከጨረስክ ምንም ወለድ አትከፍልም። ካለፈህም ክፈል፣ አብዛኛውን ጊዜ አሁንም ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ከየት ነው የምጀምረው ግራ ገባኝ እኮ

መልስ፦ ከዲዲ-214፣ ከውትድርና ስትወጪ ከተሰጠሽ የስንብት ወረቀት። አርአይ 20-97 የሚባለውን ፎርም ከሱ ጋር አድርገሽ አገልግሎት ወደሰጠሽበት ክፍል የደሞዝ ቢሮ ትልኪያለሽ፣ ለአርሚ ኢንዲያናፖሊስ ያለው ዲፋስ (የጦሩ ደሞዝ ከፋይ መስሪያ ቤት) ነው፣ እነሱ የደሞዝሽን ድምር ጽፈው ይመልሳሉ። እሱ ሲመጣ ኤስኤፍ 3108 (የዲፖዚት ማመልከቻ) ሞልተሽ ለኤችአርሽ ትሰጫለሽ፣ ሂሳቡን ያወጡልሻል፣ ባንዴ ወይ ከደሞዝ እየተቆረጠ ትከፍያለሽ። ዲፋስ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚ ገና እንደተቀጠርሽ ላኪው። ስትጨርሺ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል የሚል ወረቀት ተቀብለሽ ኮፒውን ቤትሽ አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ልጄ እኔ ብሔራዊ ውትድርና ዘምቼ አስመራ በኩል 6 ዓመት ቆይቻለሁ፣ አሁን ፖስት ኦፊስ ነኝ። እሱስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እሱ አይቆጠርም፣ ሕጉ የሚያውቀው የአሜሪካን ጦር ብቻ ነው። በሶሻል ሴኩሪቲ በኩልም በሁለቱ አገሮች መካከል ስምምነት የለም። ይሄን ስነግርዎ ደስ እያለኝ አይደለም፣ 6 ዓመት ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ከቪኤ 50% ዲሳቢሊቲ (የአካል ጉዳት ክፍያ) እቀበላለሁ፣ ይሄን ብከፍል ይቋረጥብኛል?

መልስ፦ በፍጹም፣ አይነካካም። የሚነካው 20 ዓመት ሞልቶ የወታደር ጡረታ የሚቀበል ሰው ነው፣ እሱ ዓመቱን ወደ ፌደራሉ ለማዞር የወታደሩን ጡረታ መተው አለበት፣ በጦርነት ጉዳት ጡረታ ለወጡ የተለየ ነገር አለ። በሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) ጡረታ የወጣ ግን መተው አይጠበቅበትም።

ጥያቄ፦ ሪዘርቭ ነበርኩ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ

መልስ፦ ቅዳሜና እሁዱ አይቆጠርም። ቤዚክ ትሬኒንግና ከሱ በኋላ ያለው የሙያ ስልጠና፣ ከዛ አክቲቭ ዲውቲ (የሙሉ ጊዜ አገልግሎት) የተጠራህበት ጊዜ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሳይከፍል ባለፈው ዓመት ስራ ለቋል፣ አሁን መክፈል ይችላል?

መልስ፦ እህቴ አይችልም፣ ስራ ሳይለቅ ነው ተከፍሎ ማለቅ ያለበት። ያለው መንገድ ፌርስ የሚሸፍነው ስራ ተመልሶ መግባት ነው፣ ያኔ መክፈል ይችላል። ጡረታ ለማግኘት የሚያስፈልገው 5 ዓመት የሲቪል አገልግሎት እንደሆነ፣ ውትድርናው እሱን እንደማይሞላም እወቂ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ስራ ላይ እያለ አረፈ፣ እየከፈለ ነበር ግን አልጨረሰም። ሚስቱና ልጆቹ አሉ።

መልስ፦ ነፍሱን ይማርልን። የቀረውን ሚስቱ መጨረስ ትችላለች፣ ሕጉ ለተረፈው የትዳር ጓደኛ ይፈቅዳል። የሞት ጥቅማጥቅም ወረቀት ላይ ከመፈረሟ በፊት ኤችአሩን በጽሁፍ ትጠይቅ፣ ዲዲ-214ቱንና የከፈለበትን የደሞዝ ወረቀት ፈልጉላት፣ ካስፈለገ አብሬ እሞላለሁ።