የፈተናው አቀራረብ እስኪቀየር መጠበቅ ያዋጣል ወይ?

እኅታችን በአሜሪካ የአርክቴክት የሙያ ፈቃድ ፈተና ከስድስቱ ክፍሎች ሁለቱን አልፈው፣ አቀራረቡ እንደገና ሊቀየር ነው ሲባል በመስማታቸው፣ ቀሪዎቹን አሁን ይፈተኑ ወይስ አዲሱን ይጠብቁ እንደሆነ ጠይቀዋል። ያለፈውን ለውጥ እየተፈተንኩ ስላሳለፍኩት ምክሬ አይጠብቁ የሚል ነው።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤንካርብ አምስተኛውን እትም በኖቬምበር 2016 ሲጀምር አራተኛው እስከ ጁን 2018 ጎን ለጎን ቀጥሎ ነበር። ያኔ ከፈተናው የወጣው ትልቁ ነገር ቪኜት የሚባለው የሥዕል ጥያቄ ነው። ለምሳሌ በመወጣጫ ደረጃው ጥያቄ ተፈታኙ ከፈተናው ውጭ የትም በማይሠራበት አስቸጋሪ ሶፍትዌር ደረጃውን እየሣለ የማረፊያውን ስፋትና ከራስ በላይ ያለውን ከፍታ ማሟላት ነበረበት። በምትኩ የመጣው ኬዝ ስተዲ ፕላኑን፣ የሕንፃ ኮዱንና ውሉን አቅርቦ ተፈታኙ መልሱን ከሰነዶቹ እንዲፈልግ ያደርጋል። ሥዕሉ መቅረቱ ሙያውን ያረክሳል ያሉ አንጋፋዎች ነበሩ፤ እኔ ግን ቪኜቱ ከዲዛይን ችሎታ ይልቅ ሶፍትዌሩን መልመድን ይመዝን ነበር ባይ ነኝ። የሚጠየቀው እውቀት ብዙም አልተለወጠም።

ያለፉት ክፍል ይቃጠላል የሚለው ስጋት ፈተናውን በአምስት ዓመት ውስጥ ያልጨረሰ ያለፈውን ክፍል ያጣበት የነበረው የቀድሞ ገደብ ትዝታ ነው። ከሜይ 2023 ወዲህ ግን ውጤቱ በተፈተኑበት እትምና በቀጣዩ እትም ዘመን ሁሉ ይጸናል። ሆኖም የሚኖሩበት ስቴት ቦርድ የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል እዚያም ይጠይቁ።

በፈተናው መሃል ለዕረፍት ከወጡ በኋላ አስቀድመው ወዳዩት ጥያቄ መመለስ ስለማይቻል፣ ምልክት ያደረጉባቸውን አጣርተው፣ ኬዝ ስተዲውን ሳይከፍቱ ይውጡ። ረቂቅ ወረቀትም ስለማይፈቀድ ማያው ላይ ባለው ሰሌዳ ማስላትን አስቀድመው ይለማመዱ።

እንደ እኔ ሀገር ቤት ተምረው የመጡ ከሆነ ደግሞ ከዲዛይኑ ይልቅ ውሉ ላይ ይበርቱ። ሳይት ላይ የአማካሪ መሐንዲሱን ቁጥጥር ለለመደ ሰው፣ ኮንትራክተሩ ሥራውን በምን ዘዴና ቅደም ተከተል እንደሚሠራ አርክቴክቱ ማዘዝ ያለበት ይመስለዋል፤ ፈተናው በሚከተለው ኤ201 በተሰኘው የውል ሰነድ መሠረት ግን ይህ የኮንትራክተሩ ኃላፊነት ነው፤ አርክቴክቱን ጣልቃ የሚያስገባው ምርጫም አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው መልስ ነው።