‹ወፍ የለም› በሚባልበት ከተማ የወፍ መለያ መጽሐፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ በመገናኘታቸው፣ የዚህን እትም ዓምድ የዱር ወፎችን ለመለየት ለሚያገለግሉ መጻሕፍት ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከውጭ አገር ሲመጣ የአፍሪካ ቀንድ ወፎችን የሚያሳይ መጽሐፍ አመጣልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልሜ፣ ከግቢው ጥግ ተቀምጬ ወፍ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ይሁንና ጣሪያው ላይ የማያትን እርግብ እንኳ ከመጽሐፉ ለይቼ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ያገኘኋትም እርሷ ትሁን ሌላ እርግጠኛ አይደለሁም። አጠቃቀሙን ያላወቅሁት ነገር ይኖር ይሆን? (አንድ ጡረተኛ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አባታችን፣ ያደከመዎት መጽሐፉን እንደ ሰርግ አልበም ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥዎ ይመስለኛል። የያዙት መጽሐፍ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ከሆነ፣ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ጅቡቲን፣ ሶማሊያንና የሶኮትራን ደሴቶች አንድ ላይ ስለሚሸፍን ከ1,000 በላይ ዝርያዎችን ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ ከቀይ ባሕር ዳርቻ የማይርቁት ወይም በኦጋዴን ቁጥቋጦ ውስጥ ብቻ የሚኖሩት ፒያሳ ድረስ ወጥተው የጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አይቀመጡም። ስለዚህ ሥዕሉን ከማመንዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ፤ አንደኛው ወፉ የሚገኝበትን አካባቢ የሚያሳየው ካርታ ነው፣ ሁለተኛው የሚኖርበት ከፍታ በሜትር የተጻፈበት መስመር ነው። ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ እንደማይወጣ የተጻፈለትን ወፍ፣ መልኩ የቱንም ያህል ቢመሳሰል፣ ይለፉት። ይህን ሲያደርጉ ለእርግብ ከተሰጡት ገጾች ላይ የሚቀርልዎት ከአንድ እጅ ጣት ብዙም አይበልጥም።

አሁን ወደ እርግብዎ እንምጣ። ለማዳዋን የቤት እርግብ ትተን፣ በከተማው መካከል በጣሪያና በድንጋይ ግንብ ላይ በብዛት የምናያቸው የዱር እርግቦች ሁለት ናቸው። አንደኛዋ መላ አካሏ ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ሻሽ ጣል ያደረገች ትመስላለች፤ ብድግ ብላ ስትበርም ክንፏ ላይ ነጭ ምልክት ብልጭ ይላል። ይህች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። የሁለተኛዋ ዐይን ዙሪያ ላባ የሌለበት ቀይ ቆዳ ነው፤ ክንፏም ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ነጭ ጠብታዎች ተረጭተውበታል። እንግዲህ ነገ ጠዋት ከማጅራቷና ከዐይኗ በስተቀር ሌላ ቦታ አይዩ፤ መጽሐፉንም ከዚያ በኋላ ይክፈቱት። ግራጫነቷን ይዘው ከተነሡ ግን ግራጫ እርግብ ብዙ ነውና ሌላ ሦስት ቀን ይፈጅብዎታል።

የሚለየውን ቦታ ብቻ የመመልከት ዘዴን ለብዙ ሰው ያዳረሰው አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መለያ መጽሐፍ ወፎቹን ከሩቅ እንደሚታዩት ቀለል አድርጎ ሥሎ፣ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየውን ቦታ በትንንሽ መስመር ጠቆመ። የመጀመሪያዎቹ 2,000 ቅጂዎች ወዲያው ተሸጠው አለቁ። ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን ወፍ አጥኚ የሚባለው ሰው በአብዛኛው ጠመንጃ ይዞ የሚወጣ ነበር፤ ገድሎ እጁ ላይ ካላገላበጠ አያምንም ነበርና።

ስሙም ሳያስቸግርዎት አልቀረም፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እርስዎ የሚያውቋት ደግሞ ‹እርግብ› ብለው ነው። የአማርኛ የወፍ ስሞቻችን በአመዛኙ የወገን ስሞች ናቸው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ያነበበ ሰው ጭልፊትን፣ ቁራን፣ ጉጉትን፣ እርኩምን፣ ጋጋኖን፣ ይብራን፣ ሽመላንና ሳቢሳን በተርታ ያገኛቸዋል፤ ‹በየወገኑ› የሚለው ቃልም እየተደጋገመ አብሯቸው ይመጣል። ይህን የቋንቋው ጉድለት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ መለያ መጽሐፍም የሚደራጀው በወገን በወገን ነውና። ‹ቁራ› የሚለው ስም የቁራዎችን ገጽ ያስገልጥዎታል፤ እዚያ ሲደርሱ ደረቱና አንገቱ ዙሪያ ነጭ የሆነውን፣ ከማጅራቱ ላይ ብቻ ነጭ ካለበትና ምንቃሩ መጥረቢያ ከሚያክለው መለየት ብቻ ይቀርዎታል። ሁለቱም በሰፈርዎ ይመላለሳሉ።

በሥዕሉ አጠገብ በሰያፍ ፊደል የሚጻፈውንም ሳይንሳዊ ስም ዘለው አይለፉት። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ፣ ትልቁን ቁራ በ1836 ‹ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ›፣ የእርስዎን እርግብ ደግሞ በ1837 ‹ኮሉምባ አልቢቶርኬስ› ብሎ ሰይሟቸዋል፤ የመጀመሪያው ‹ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ›፣ ሁለተኛው ‹ባለ ነጭ አንገትጌዋ እርግብ› እንደ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ምልክቱን ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ የመስቀል ወፍን በመጽሐፉ ውስጥ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ነገር ግን ማውጫውን ብመረምርም በዚህ ስም የሚመስል ነገር አላገኘሁም። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ መምህርት፣ ለዓመት ጠፍቶ አንድ ቀን ብቅ የሚልን ዘመድ ‹የመስቀል ወፍ ሆንክ› ብለን እንወቅሰዋለን፤ ወፉ ግን ያለ ጥፋቱ መተረቻ ሆኗል። በዚህ ስም ከሚጠሩት ብዙዎቹ የትም የማይሄዱ፣ ዓመቱን ሙሉ አብረውን የሚኖሩ ናቸው። ወንዶቹ ዝናብ ሲገባ ልብሳቸውን ይለውጣሉ፤ ከፊሎቹ ጥቁር ለብሰው ቢጫ ወይም ቀይ ጣል ያደርጉበታል፣ አንደኛው ደግሞ ከአካሉ የሚረዝም ጭራ ያወጣል። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ላባው ይረግፍና ተመልሰው እንደ ሴቶቹ ቡናማ መስመር ያለባቸው፣ ሰው ‹ድንቢጥ› ብሎ የሚያልፋቸው ወፎች ይሆናሉ። ጥሩ መለያ መጽሐፍ የወንዱን የመራቢያ ወቅት መልክ፣ ከወቅቱ ውጭ ያለውን መልክና ሴቷን ጎን ለጎን ይሥላቸዋል፤ እኛ ግን ዐይናችን ከደማቁ ሥዕል አይነሣም። ባለ ረጅም ጭራው ጭራውን ከጣለ በኋላ እንኳ ቀይ ምንቃሩ ስለማይለቀው፣ ለተማሪዎችዎ በኅዳርና በታኅሣሥ ፈልገው እንዲያገኙት የቤት ሥራ ሊሰጧቸው ይችላሉ። ሴቷ ጎጆ እንደማትሠራና እንቁላሏን በሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥላ እንደምትሄድ ቢነግሯቸው ደግሞ ክፍሉ የሚንጫጫ ይመስለኛል።

በዚያው በመስከረም ሰሞን በእውነት ከሩቅ የሚመጡም አሉ፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚደርሱት ባለ ቢጫ ደረቶቹ ጭራ ነቅናቂዎችና ጭራቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ጨረባዎች ከእነዚህ ይቆጠራሉ። መጽሐፉ ወራቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፍ፣ ተማሪዎቹ መስከረም 17 ቀን በመጽሐፉ ሴፕቴምበር 27 መሆኑን ይዘው ያንብቡ። በዚያው በአራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ባለው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቆዳቸው ተሞልቶ የተቀመጡ ወፎችን በቅርብ ማሳየት ይችላሉ፤ ነገር ግን ላባ የሌለበት ቆዳና ምንቃር ሲደርቅ ቀለሙን ስለሚያጣ፣ ለዐይን ዙሪያና ለእግር ቀለም መጽሐፉን ይመኑ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ መነጽርና መጽሐፍ ሊገዛ ነው ብለው ‹ወፍ የለም!› እያሉ ያሾፉብኛል። የአውሮፓ ወፎች መለያ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ለጊዜው ይበቃኛል? (ከለገሃር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይበቃህም፤ ይህንንም የምለው ራሴ ተጎድቼ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፌ ልክ እንዳንተው በርካሽ የተገኘ የአውሮፓ መለያ ነበር። በጓሮዬ ጽድ ላይ የምትቀመጠውን ዋኖስ ከዚያ መጽሐፍ አመሳስዬ ለሁለት ዓመት በማስታወሻ ደብተሬ የአውሮፓ ዋኖስ እያልኩ መዘገብኋት። በኋላ አንድ ወዳጄ አንገቷን እንድመለከት ነገረኝ፤ የአውሮፓዋ አንገቷ ጎን ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ሲኖሯት፣ የእኔዋ ግን አንድ ወጥ ጥቁር ምልክት ብቻ ነበራት። መጽሐፉ አልዋሸኝም፤ የኛዋ የደጋ ዋኖስ ስላልነበረችበት ከያዛቸው መካከል የምትቀርበውን ሰጠኝ። የተሳሳተ አገር መጽሐፍ ክፋቱ ይህ ነው፤ ‹የለኝም› አይልም።

መነጽሩን በተመለከተ፣ በላዩ 8 በ42 የተጻፈበት ለጀማሪ ይስማማል፤ 8ቱ የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፣ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 12 እና ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ስለሚንቀጠቀጥ ገንዘብህን አታባክን። በቤተ መንግሥትና በኤምባሲዎች አካባቢ ግን ከቦርሳህ አታውጣው፤ ጥበቃዎቹን ወፍ እያየሁ ነው ብሎ ማስረዳት ወፉን ከመለየት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ አባቴ ያወረሰኝ የወፍ መጽሐፍ ከታተመ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም ይሠራል? (ከቄራ)

መልስ፦ ይሠራል፤ ላባ በ40 ዓመት አይለወጥምና። የሚያረጀው ስሙና ስለ ብዛቱ የተጻፈው ነው። ለምሳሌ በሰፈርዎ ሰማይ ላይ የሚዞረውን ትንሹን ጥንብ አንሳ፣ ምንቃሩ ቀጭን፣ ራቁቱን የሆነው ፊቱ ሲቆጣ የሚቀላውን፣ የድሮ መጻሕፍት እንደ ተራ ወፍ ያልፉታል፤ በአፍሪካ ውስጥ በመርዝና በአደን እጅግ በመመናመኑ ግን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስገብቶታል። እዚያው አብሮት ከሚዞረው ሥጋ ነጣቂ ጭልፊት ለመለየት ከሥር ሆነው ጭራውን ይመልከቱ፤ የጭልፊቱ ጫፉ ሹካ ይመስላል፣ የጥንብ አንሳው ግን አጭርና ያልተሰነጠቀ ነው።