ኮድ አየሁ ብለህ ዕቃ አትግዛ፦ ከጅማ ሹፌሮች ለተነሡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው እሑድ እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን አንድ ልጅ ስለ ኮድ ሪደር፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ስለሚያነበው መሣሪያ፣ ጠየቀኝ። ለእሱ መልሼ ሳልጨርስ ከጎኑ ያለው ቀጠለ። ሰኞ ደግሞ ስልኬ ሲጮኽ ዋለ። አብዛኛው ጠያቂ የሚነዳው ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና ስለሆነ ጥያቄው ይመሳሰላል። ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ብዙ ዓመት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነኝ፤ የምነግራችሁ በእጄ የነካሁትን ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቼክ ኢንጅን መብራት ሲበራ ሪደር ሰክቼ ኮዱን ካየሁ፣ የሚቀየረውን ዕቃ አወቅሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደህ ትኩሳትህ 39 ነው ቢሉህ ወባ ይሁን ታይፎይድ ገና አልታወቀም። ኮድም እንደዚያ ነው። ፒ0171 ካለህ፣ የመኪናው ኮምፒውተር "ከቤንዚኑ ይልቅ አየሩ በዝቷል" እያለህ ነው። አየሩ ለምን እንደበዛ አይነግርህም። የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር ሴንሰር፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ሊሆን ይችላል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ኮሮላ በዚሁ ኮድ መጣልኝ። ኦክስጅን ሴንሰሩን ጠረጠርኩና ባለቤቱን ገዝተህ ና አልኩት። ቀየርኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ ሸኘሁት። በሦስተኛው ቀን አጋሮ መንገድ ላይ መብራቱ ተመልሶ በራ። ሲመጣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ከአየር ፊልትሮ ወደ ሞተር የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ከሥር በጣቴ ዳሰስኩት። እጥፋቱ ውስጥ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘሁ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ይናወጣል፣ ያኔ ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። ቱቦው ተቀየረ፣ መብራቱ ጠፋ። የሴንሰሩን ዋጋ ለሰውዬው መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ ዕቃ አላስገዛም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሪደሩ "ፊውል ትሪም" የሚል ቁጥር በፐርሰንት ያሳያል። ኮምፒውተሩ ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚናገር ነው። እስከ 10 ገደማ ከፍ ዝቅ ቢል አያስጨንቅም። መኪናው ቆሞ ሲሠራ 20 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ነዳጅ ስትሰጠው ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልግ። በተቃራኒው ዳገት ላይ እየጨመረ ከሄደ ፓምፑን፣ የቤንዚን ፊልትሮውንና የአየር ሴንሰሩን ተመልከት።

ጥያቄ፦ የእኔ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፣ ካርቡራተር። ምን ዓይነት ሪደር ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። የሚነበብ ኮምፒውተር የላትም። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ፣ ግዛ። ባትሪህ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ለዲኤክስ ይኼ ትልቅ ምርመራ ነው። ሜካኒካል ፓምፕ ያላቸው የድሮ ናፍጣ ፒካፖችም እንደዚሁ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮሮላዬ በፈረንጆቹ የ1990ዎቹ ናት። ኢንጀክሽን ናት፣ ግን ከመሪው ሥር ሪደር የሚሰካበት ሶኬት የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮፈኑ ውስጥ ክዳኑ ላይ "ዲያግኖሲስ" የሚል ትንሽ ጥቁር ሳጥን ፈልግ። ክዳኑ ከውስጥ በኩል የቀዳዳዎቹን ስም ይዟል። ቁልፉ ጠፍቶ እያለ ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝ። ኤሲውን አጥፋ፣ የነዳጅ ፔዳሉን አትንካ። ከዚያ ሞተር ሳታስነሣ ቁልፉን ኦን ላይ አድርግና የቼክ ኢንጅኑን ብልጭታ ቁጠር። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ብልጭ ካለ የተመዘገበ ኮድ የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ፋታ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ ኮዱ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ወይም ገመዱ ማለት ነው።

እባክህ ቀዳዳዎቹን ሁለቴ አረጋግጥ። እዚያው ሳጥን ውስጥ የባትሪ ኃይል ያለበት ቀዳዳ አለ። ሽቦውን በስሕተት ከእሱ ጋር ካገናኘኸው ፊውዝ ታቃጥላለህ። ቢጫ ሶኬት ካየህ ደግሞ የኤርባግ ነው፣ አትንካው።

ጥያቄ፦ ብሉቱዝ ያለው ትንሽ ሪደር ገዛሁ። የጓደኛዬን ያሪስ ያነባል፣ የእኔን ቪትዝ ግን አላነብ አለ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ የጓደኛህን ካነበበ ሪደሩ ጤነኛ ነው። አሜሪካ ሪደር የሚሰካበትን ባለ 16 ፒን ሶኬት አሠራር በፈረንጆቹ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ አድርጋለች። አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምራለች። ለጃፓን ውስጥ ገበያ የተሠሩ የዚያ ዘመን መኪኖች ግን ሶኬቱ ኖሯቸው እንኳ ከተራ ሪደር ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። መሪህ በቀኝ የነበረና የተዞረ ከሆነ ጥርጣሬዬ ወደዚያ ነው። ለቶዮታ የተሠራ ስካነር ያለው ጋራዥ ሂድ። ከዚያ በፊት ግን ፊውዙን እይ፤ የሶኬቱ ፊውዝ ከተቃጠለ ሪደሩ መብራት እንኳ አያበራም።

ጥያቄ፦ ሞተር ካሳጠብኩ በኋላ መኪናዬ ይንቀጠቀጣል። ፒ0302 ይላል። መካኒኩ አራቱንም ቦቢና (የካንዴላን እሳት የሚያመነጨውን ዕቃ) ቀይሪ አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ አትቀይሪ። ፒ0302 ማለት ሁለተኛው ሲሊንደር በደንብ አይቃጠልም ማለት ነው። አንዱ ነው ያጠፋው፣ አራቱ አይደሉም። ደግሞ የታጠበ ሞተር ነው። የሁለተኛውን ቦቢና ንቀይና ወደ ካንዴላው ጉድጓድ በስልክሽ መብራት አብርተሽ እዪ። ባለፈው ክረምት ከኮቺ ሰፈር የመጣ መኪና ላይ እንዲሁ ስመለከት ጉድጓዱ ግማሽ ጣት ውሃ ቋጥሮ ነበር። የቦቢናው ጎማ ላይ ደግሞ እንደ ጭረት ያለ ቀጭን ነጭ መስመር ወርዷል። እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በዚያ በኩል እያመለጠ ነበር ማለት ነው። ውሃ ካገኘሽ በኮምፕረሰር አስነፊው፣ ጎማውንም በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት ጉድጓዱ መድረቅ አለበት፤ አለበለዚያ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ደርቆም ካልተስተካከለ የሁለተኛውን ቦቢና ከሦስተኛው ጋር አቀያይሪ። ኮዱን አጥፊና ትንሽ ንጂው። አሁን ፒ0303 ካለ ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ሄዷል፤ አንድ ቦቢና ግዢ። እዚያው ፒ0302 ላይ ከቀረ ቦቢናው ንጹሕ ነው። ካንዴላውንም እንደዚሁ አዟዙሪው። እሱም ካልሆነ ወደ ኢንጀክተሩ (ቤንዚን ወደሚረጨው ዕቃ) እና ወደ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ግፊት) ይኬዳል። ቦቢናና ካንዴላ ማዟዟሩ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ የሚጠይቀውም የቦቢናና የካንዴላ ቁልፍ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መብራቱ ዝም ብሎ አይበራም፣ ብልጭ ብልጭ ይላል። ልዩነት አለው?

መልስ፦ በጣም አለው። እየነዳህ ብልጭ ብልጭ ካለ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው እየወጣ ነው። የጭስ ማጣሪያውን አቅልጦ ሊያበላሽ ይችላል። ፍጥነት ቀንስ፣ ነዳጅ አትርገጥ፣ ቅርብ ቦታ አቁም። ይህ የጀመረህ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ከሞላህ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠርጥር። ትንሽ በጠርሙስ ቀድተህ አስቀምጠው። ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታይሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አዲስ አበባ ስሄድ የጊቤን ሸለቆ ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ ስወጣ መኪናዬ ይሞቃል። ይኼ መሣሪያ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ይጠቅምዎታል አባቴ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት ከመሃል ንቅንቅ የሚለው ብዙ ጊዜ ነገሩ ከረፈደ በኋላ ነው። ሪደሩ ግን ሙቀቱን በዲግሪ ያሳያል። ልጅዎ አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ይከታተልልዎ። ከ85 እስከ 95 ከሆነ ደህና ነው። ከ100 አልፎ መውጣቱን ካልተወ ኤሲ ያጥፉ፣ ጥግ ይያዙና ይቁሙ። የራዲያተሩን ክዳን ግን በፍጹም በትኩሱ እንዳይከፍቱ።

ቁጥሩ ዳገት ላይ ከፍ ብሎ ሜዳ ላይ ቶሎ ከወረደ ራዲያተሩ ቆሽሾ ወይም ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ከተማ ውስጥ ቆመው ሲጠብቁ ከፍ ብሎ ሲነዱ ከወረደ ፋኑን ያሳዩ። ክዳኑንም አይናቁት። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ውሃው በዚያ ሙቀት የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊቱ ይጠፋል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል።

ከፍታውን ካነሣን አይቀር፣ ሞተር ሳይነሣ ቁልፉን ኦን ስታደርጉ የአየር ግፊት ሴንሰሩ 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ቢያሳይ አትደንግጡ። የጅማ ትክክለኛ ቁጥር ነው። የጥገና መጽሐፉ 101 የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሴንሰር የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ዲፎርዲ የሚባለው ባለ ኮምፒውተር ናፍጣ ሃይሉክስ አለኝ። ጭነት ይዤ ዳገት ላይ ኃይሉ ይጠፋል፣ ፒ0087 ያወጣል።

መልስ፦ የናፍጣው ግፊት ወርዷል ማለት ነው። ፓምፕ ከማስፈታትህ በፊት የናፍጣ ፊልትሮ ቀይር፣ የተጠራቀመ ውሃ ካለ አስወጣ። ቱቦዎቹ አየር እንዳይስቡም እይ። ፓምፑ የመጨረሻው ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። መብራቱ አይበራም፤ በዚህ ልተማመን?

መልስ፦ አትተማመን። መጀመሪያ ቁልፉን ኦን አድርግ። ቼክ ኢንጅኑ መብራት፣ ሞተር ሲነሣም መጥፋት አለበት። ኦን ላይ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሪደሩ ላይ "ሬዲነስ" የሚለውን፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያደርጋቸውን ምርመራዎች ዝርዝር፣ ክፈት። ብዙዎቹ ምርመራዎች "አልተጠናቀቀም" ካሉ ኮዱ በቅርብ ጠፍቷል፣ ወይም ባትሪው በቅርብ ተነቅሏል። ሻጩን ጠይቀው። አንድ ሁለት ቀን ከተነዳ በኋላ እንደገና ለማየት ካልፈቀደልህ ሌላ መኪና ፈልግ።

ጥያቄ፦ የኤቢኤስ (የፍሬን) መብራቱንስ ያነባል?

መልስ፦ ርካሹ አያነብም፤ የሞተሩን ብቻ ነው። ኤቢኤስና ኤርባግ የሚያነብ ስካነር ያለው ጋራዥ ሂድ።

ጥያቄ፦ ሪደሩን ሶኬቱ ላይ ትቼው ብሄድ ችግር አለው?

መልስ፦ ንቀለው። ቁልፉ ጠፍቶም ትንሽ ትንሽ ባትሪ ይጠጣል። የደከመ ባትሪ ከሆነና መኪናው ለቀናት ከቆመ አያስነሣልህም። ኮድ ከማጥፋትህም በፊት ኮዱን፣ ቀኑንና የተነዳውን ኪሎ ሜትር ደብተር ላይ ጻፍ። "ፍሪዝ ፍሬም" የሚለውን ገጽም ፎቶ አንሣው፤ መብራቱ በበራበት ሰዓት ሞተሩ ምን ያህል ሞቆ፣ በምን ፍጥነት እየሄደ እንደነበር ይዟል። ካጠፋኸው አብሮ ይጠፋል። እኔ ጋ ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቅህ እሱን ነው።