መልስ፦ የዋሽንግተን ግዛት ታርታን እንዴት ሕግ ሆነ?

«አንድ የአሜሪካ ግዛት ታርታን የሚባለውን የስኮትላንዶች ባለመስመር ጨርቅ እንዴት በሕግ የራሱ ያደርጋል?» ብለው ለጠየቁት፦ መንገዱ ከሌላው ሕግ የተለየ አይደለም። አንድ የምክር ቤት አባል ረቂቅ ያቀርባል፤ ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ይሰጡበታል፤ ከዚያም አገረ ገዥው ይፈርማል።

እኔ ከሁሉም የምወደው የዋሽንግተንን ነው፤ ዋና ከተማዋን ሳይሆን ሲያትል ያለችበትን ግዛት ማለቴ ነው። ንድፉ የተሠራው ለግዛቱ መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ሲሆን ሕግ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። አረንጓዴው መደብ ለምለሙን ደን፣ ሰማያዊው ሐይቁንና ወንዙን፣ ነጩ በረዶ የለበሱትን ተራሮች፣ ቀዩ ፖምና ቼሪውን፣ ቢጫው ስንዴውን ያመለክታል። ጥቁሩ ደግሞ የሴይንት ሄለንስ ተራራን ፍንዳታ ያስታውሳል። ያ እሳተ ገሞራ በ1980 ሰው ገድሏል፣ ደን አውድሟል፤ ሐዘናቸውን ሳይደብቁ ከመከራቸው ጋር አብረው መሸመናቸው ልቤን ይነካዋል።

ሕጉ ቀለማቱን ዘርዝሮ አያበቃም፤ ጨርቁ ስኮትላንድ ውስጥ በታርታን ማኅበር መዝገብ እንዲሰፍርም ያዛል። ቴክሳስ ግን በ1989 የራሷን ያጸደቀችው በሕግ ሳይሆን በምክር ቤቶቹ የጋራ የውሳኔ ሐሳብ ነው።